ከመኪና ስትወርዱ እንዳይነዝራችሁ፦ ብረቱን ቀድማችሁ ያዙት

ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ማለዳ አክስቴን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ይዣት ወረድኩ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ማሞቂያውን ለቀቅኩላት። እሷም ልጆቿ የገዙላትን ጸጉራም ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ የሐረጎን ቁልቁለት እየተጨዋወትን ጨረስነው። ቤቷ ስንደርስ ወረደች። ዞር ብላ በሩን ልትዘጋ እጇን ስትሰነዝር «ጧ!» አለ። መሪው ጋ ተቀምጬ ድምፁን እኔም ሰማሁት። እጇን ወደ ደረቷ ሰብስባ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ከኋላዋ ባጃጅ እየመጣ ነበር። ደግነቱ ባጃጁ ቀስ ብሎ ነበር የሚሄደው።

«ያ ረቢ! መኪናህ ነዘረኝ እኮ!»

«አብሽሪ እቴቴ፣ ምንም አይደለም።»

«ምንም አይደለም ትለኛለህ? ሽቦው ተልጦ ነው። አሠራው እንጂ ልጄ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ የመኪናዬን በር የምትነካው በነጠላዋ ጫፍ ነው።

ሽቦ አልተላጠም። ግን አልፈርድባትም፤ እኔም ድሮ እንደ እሷ ነበር የማስበው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ ምክንያት መኪናዬን አንድ ጋራዥ አስገባሁ። ሽቦው ተፈተሸ፣ ባትሪው «ደክሟል» ተብሎ ተቀየረ፣ ከፍዬ ወጣሁ። በማግሥቱ ስወርድ በሩ እንደገና ነዘረኝ። ሌላ ሰው ለዚህ ነገር ብር እንዳያወጣ፣ በተለይ ደግሞ አዛውንቶችና ልጆች መኪና እንዳይፈሩ ነው ይህን የምጽፈው። መፍትሔው አንድ ሳንቲም አይፈጅም።

መጀመሪያ ነገሩን እንወቀው

የትንሽ መኪና ባትሪ 12 ቮልት ነው። 12 ቮልት ደረቅ ጣትን አይነዝርም። ከመኪና ስንወርድ የሚነዝረን ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ3,000 ቮልት በላይ ነው፤ ከዚያ ካነሰ እምብዛም አይሰማንም። በደረቅ ቀን 10,000 ቮልት ሊያልፍም ይችላል። ታዲያ ለምን አይገድልም? የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ በጣም ጥቂት ስለሆነ ነው። የሚፈሰውም ከሴኮንድ አንድ ሚሊዮንኛ ባነሰ ጊዜ ነው። ያማል፣ ያስደነግጣል፣ ያልቃል።

ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ኤሌክትሪኩን የተሸከመው መኪናው ሳይሆን እናንተ ናችሁ።

ልጅ ሆነን እስክሪብቶ ጸጉራችን ላይ አሽተን ብጫቂ ወረቀት እናነሣ ነበር። ማታ መብራት ጠፍቶ ሹራብ ስታወልቁም ጭለማው ውስጥ ጢስ ጢስ የሚል ፍንጣሪ አይታችሁ ይሆናል። መኪና ውስጥ የሚሆነውም ያው ነው። ልብሳችሁና የመቀመጫው ፎደራ ተጣብቀው ይቆያሉ፣ መንገዱ ሲያንገራግጫችሁ ይታሻሉ። ስትነሡ ሁለቱ ይላቀቃሉ። ያኔ አንዱ የሌላውን ኤሌክትሮን ይዞ ይቀራል። ተቀምጣችሁ ሳላችሁ ምንም አይታወቃችሁም። ከመቀመጫው እየራቃችሁ ስትሄዱ ግን ቮልቱ ሽቅብ ይወጣል። የጎማ ሶል ጫማችሁ ወደ መሬት እንዳይፈስ ይከለክለዋል። ከዚያ ጣታችሁ ወደ በሩ ብረት ሲጠጋ መንገድ አገኘ ማለት ነው፤ አየሩን ሰንጥቆ ይዘላል። «ጧ!» የሚለው እሱ ነው።

ለምን በበጋ? አየሩ እርጥብ ሲሆን ዕቃው ሁሉ ላይ ዓይን የማያየው ቀጭን የውኃ ንጣፍ ስለሚኖር፣ ኤሌክትሪኩ ሳይጠራቀም በዚያ በኩል ቀስ እያለ ይሄዳል። በእኛ አገር ከጥቅምት እስከ ጥር ያ ንጣፍ የለም። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ቀዝቃዛ አየር ብዙ እርጥበት አይሸከምም፤ ያንኑ አየር የመኪናው ማሞቂያ ሲያሞቀው ደግሞ የባሰ ይደርቃል። የበልግ ዝናብ ጠብ ሲል ነገሩ ይቀንሳል፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጭራሽ ትረሱታላችሁ። ኮምቦልቻ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ የሚሠራ ዘመድ ያለው ሰው ይጠይቅ፤ ክር በሚፈተልበት አዳራሽ አየሩን ሆን ብሎ ማርጠብ የተለመደ ነው። ደረቅ ክር ኤሌክትሪክ ይዞ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ይበጠሳል።

አወራረዱ

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህንን ያዙ።

1. መኪናው ቆሞ በሩን ክፈቱ። ገና አትነሡ። ጀርባችሁና መቀመጫችሁ ፎደራው ላይ እንዳሉ ይቆዩ።

2. በአንድ እጅ የመኪናውን ብረት ያዙ። የበሩን የላይኛ ጠርዝ ወይም የበሩን ምሰሶ መያዝ ይበቃል። ከሁሉም የሚሻለው ቀለም ያልተቀባ ብረት ነው። በሩን ስትከፍቱ ምሰሶው ላይ፣ ቁልፉ የሚነክሰው ቀለበት የመሰለ ብረት ታያላችሁ። እሱ ራቁት ብረት ነው። እጃችሁ እዚያ ላይ ሳለ ሰው በሩን እንዳይገፋው ግን ተጠንቀቁ። የፕላስቲኩ እጀታና ዳሽቦርዱ አይጠቅሙም።

3. ብረቱን ሳትለቁ ተነሡ። አጥብቃችሁ ያዙ እንጂ በጣት ጫፍ አትንኩ። ከፎደራው ስትላቀቁ የሚፈጠረው ኤሌክትሪክ ሳይጠራቀም በእጃችሁ በኩል ወደ መኪናው አካል ይሄዳል። ምንም አይሰማችሁም።

4. ሁለቱም እግራችሁ መሬት ከረገጠ በኋላ ልቀቁት። ከዚያ በሩን ዝጉ።

ሰው የሚሳሳተው ሦስተኛው ላይ ነው። ብረቱን ይዞ ይጀምርና ለመነሣት ሲገፋ ይለቀዋል፤ ቆሞ ደግሞ ይነካዋል። ያኔ ቀድሞ መያዙ ምንም አልጠቀመውም። ኤሌክትሪኩ የሚፈጠረው በመነሣቱ ቅጽበት ነውና ያቺ ቅጽበት ማለፍ ያለባት እጅ ብረቱ ላይ ሳለ ነው።

አክስቴን ያስተማርኳት እንዲህ ነው። አጠገቧ ቆሜ እጇን ወስጄ የበሩ ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩት። «እቴቴ፣ መሬት እስክትረግጪ እንዳትለቂው» አልኳት። ነጠላዋን እንደ ጓንት ጠቅልላ ልትይዝ ፈለገች። እሱ እንደማይሆን ነገርኳት፤ ጨርቁ መሐል ከገባ ኤሌክትሪኩ መውጫ ያጣል። በባዶ እጇ ያዘች። ወረደች። ቆመች። ጠበቀች። ምንም። እጇን አገላብጣ አየችውና «አላሁ አክበር» አለች። አሁን የልጅ ልጆቿን የምታስተምረው እሷ ናት።

ሚኒባስ ላይም ነገሩ ያው ነው። ተንሸራታቹ በር አጠገብ ያለውን የብረት መያዣ ይዛችሁ ከወንበር ተነሡ፣ ይዛችሁ ውረዱ። ረዳቶች በቀን ስንት ተሳፋሪ ሲያወርዱ ይውላሉ፤ አንድ ጊዜ ቢነግሯቸው ሰዎች ይለምዱታል። ሕፃን የምትቀበሉ ከሆነ ደግሞ አስቀድማችሁ ብረቱን ንኩ። ፍንጣሪው ከሰው ወደ ሰውም ይዘላል። ወርዳችሁ ወዲያው ሰው ስትጨብጡ ወይም ጉንጭ ለጉንጭ ስትሳሳሙ «ጧ» የሚለው ለዚህ ነው።

ረስታችሁ ከወረዳችሁ

አንድ ጊዜ ባዶ እጃችሁን ቆማችኋል፣ ኤሌክትሪኩም ላያችሁ ላይ ነው። በሩ መዘጋት አለበት። በጣት ጫፍ አትሞክሩት፤ የጣት ጫፍ ስሜቱ ስለታም ነው፣ ፍንጣሪውም አንዲት ነጥብ ላይ ነው የሚያርፈው።

የመኪናውን ቁልፍ የብረቱን ክፍል ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙና በጫፉ የመኪናውን ብረት ንኩ። ፍንጣሪው ከቁልፉ ጫፍ ይዘላል እንጂ ከቆዳችሁ አይዘልም። በእጃችሁ በኩል የሚያልፈው ቁልፉን የያዛችሁበትን ሰፊ ቦታ ተካፍሎ ስለሆነ አያምም። ፕላስቲኩን ብቻ ከያዛችሁ ግን አይሠራም። ቁልፋችሁ ሙሉ በሙሉ ፕላስቲክ ከሆነ የአንድ ብር ሳንቲም ይበቃል። እኔ በበጋ አንድ ሳንቲም ከጃኬቴ የጎን ኪስ አይጠፋም።

ሳንቲምም ቁልፍም ከሌለ፣ መዳፋችሁን ሙሉ በመስኮቱ መስታወት ላይ ለጥፉና ጥቂት ሴኮንድ ቆዩ። መስታወት እንደ ብረት አያስተላልፍም፤ ግን ቀስ ብሎ ያሳልፋል። ቀስ ብሎ የሚሄድ ነገር ደግሞ አይነዝርም። በጣም በደረቀ ቀን ላይሠራ ይችላል። ያኔ በክርናችሁ ወይም በእጃችሁ ጀርባ በሩን ግፉት፤ ቢነዝርም እንደ ጣት ጫፍ አያምም።

ከምንጩ መቀነስ

አዲስ መኪና የገዛ ሰው የመቀመጫውን ፕላስቲክ ሳይቀድ ዓመት ሁለት ዓመት ይነዳል። እንዳይቆሽሽ ነው፣ ይገባኛል። ግን ላስቲክ ላይ ተቀምጦ በደረቅ አየር መውረድ በራሱ መነዘርን መጥራት ነው። መጀመሪያ እሱን አንሡት።

ፎደራው ሰው ሠራሽ ጨርቅ ከሆነ የግድ መቀየር የለበትም። ላዩ ላይ ጥጥ ነገር አንጥፉ። አቡጀዴ ይሆናል፣ ያረጀ ጋቢም ይሆናል። ጥጥ ትንሽም ብትሆን እርጥበት ስለሚይዝ እንደ ናይለንና ፖሊስተር ኤሌክትሪክ አያጠራቅምም። እናቶቻችን የሚፈትሉት ጥጥ እዚህ ላይ ከውጭ ከመጣው ጸጉራም ጃኬት በብዙ ይበልጣል። የምትለብሱትንም እዩ፦ ጸጉራም ጃኬት ከፖሊስተር ፎደራ ጋር ሲገናኝ ክፉ ጥምረት ነው። ጃኬቱን ከመግባታችሁ በፊት አውልቃችሁ ኋላ ወንበር ላይ ብታስቀምጡት ልዩነቱን በዚያው ቀን ታዩታላችሁ።

ልብስ ማለስለሻ ካላችሁ፣ አንድ ሊትር ውኃ ውስጥ አንድ ሁለት ክዳን ጨምራችሁ በመርጫ ጠርሙስ መቀመጫው ላይ ስስ አድርጋችሁ ርጩ። አስቀድማችሁ ማይታይ ጥግ ላይ ሞክሩት፣ ቀለም እንዳይለቅ። ወንበሩ ኤሌክትሪክ ቁልፎች ካሉት እዚያ አካባቢ አትርጩ። እስኪደርቅ ጠብቁ። ሲታጠብና ሲታሽ ስለሚለቅ በየሳምንቱ በየሁለት ሳምንቱ መድገም ያስፈልጋል።

እጃችሁ የሚሰነጣጠቅ ከሆነ ግሊሰሪን ተቀቡ። ግሊሰሪን እርጥበት ስቦ ይይዛል፤ ደረቅ ቆዳ ደግሞ ፍንጣሪውን ያባብሰዋል። ጫማን በተመለከተ የቆዳ ሶል ከጎማና ከፕላስቲክ ሶል ይሻላል። ለዚህ ብላችሁ ግን ጫማ አትግዙ። ብረቱን መያዝ ነጻ ነው።

ከመኪናው ኋላ ተንጠልጥሎ መሬት የሚነካ የጎማ ቀበቶም ይሸጣል። የመኪናውን አካል ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ለማውረድ ነው። ችግሩ የእናንተ አካል ላይ ያለውን አይወስድም፤ እናንተ ብረቱን ካልያዛችሁ ከቀበቶው ጋር አትገናኙም። ብራችሁን አታውጡ እላለሁ።

ነዳጅ ማደያ ሲሆን ጨዋታው ሌላ ነው

እስካሁን ያወራነው ስለ ሕመምና ድንጋጤ ነው። ቤንዚን አጠገብ ግን ያችው ፍንጣሪ እሳት ናት። ጣታችሁን የነዘረች ፍንጣሪ የቤንዚን ተን ለማቀጣጠል ልትበቃ ትችላለች። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ እንኳ የሚቀጣጠል ተን ያወጣል። በደሴ ብርድ ይጠፋል ብላችሁ አታስቡ። ናፍጣ የሚቀጣጠል ተን የሚያወጣው ከ50 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ስለሆነ በዚህ በኩል ይሻላል።

ሞተር አጥፉ። ከመኪናው የምትወርዱ ከሆነ ቅድም እንዳልነው ብረቱን ይዛችሁ ውረዱ፣ ታንከሩን ከመክፈታችሁ በፊት ደግሞ ከታንከሩ ራቅ ያለ ብረት አንድ ጊዜ ንኩ። እየተቀዳ ሳለ ብር ወይም ስልክ ለማምጣት ተመልሳችሁ አትግቡ። ገብቶ መቀመጥና እንደገና መውረድ አዲስ ኤሌክትሪክ ይሠራል። ከገባችሁም ወደ መቅጃው አትጠጉ፤ ግድ ከሆነ ብረት ነክታችሁ ነው።

ሞተር ሳይክልና ባጃጅ የምትነዱ ወንድሞች፣ ወርዳችሁ ብረቱን ነክታችሁ ክዳኑን ክፈቱ። ኮርቻው ላይ ተቀምጦ ማስቀዳት ይቅር።

ጀሪካን መሬት ላይ ይቀመጥ። በፒክአፕ ጭነት ላይ፣ በባጃጅ ወለል ላስቲክ ላይ ወይም በእጅ ተንጠልጥሎ አይቀዳበት። ቤንዚኑ ሲፈስ ራሱ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል፤ ጀሪካኑ መሬት ካልነካ የሚፈስበት አጣ ማለት ነው። የመቅጃው አፍ የጀሪካኑን አፍ እየነካ ቀስ ተብሎ ይቀዳ። መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን በፕላስቲክ ማንቆርቆሪያ መገልበጥ በጣም ያሳስበኛል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ባይኖር እንኳ ፕላስቲኩ ብቻውን ይበቃል።

እሳት ከተነሣ መቅጃውን አትንቀሉ። ብትነቅሉት የሚነድ ቤንዚን ላያችሁና መሬት ላይ ይረጫል። ተዉት፣ ራቁ፣ ሰው ሁሉ ከመኪናው ይውረድ፣ ቀጂው ፓምፑን እንዲያጠፋ ጩኹ።

ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ አድርገው ወደ ኮምቦልቻ የሚመጡት ቦቴዎች ነዳጅ ከማራገፋቸው በፊት በሽቦ ገመድ ከመሬት ጋር መያያዝ አለባቸው። ምክንያቱ እኛ ብረቱን የምንይዝበት ምክንያት ነው፤ መጠኑ ነው የሚለየው።

ኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በየከተማው በዝቷል። ስትወርዱ አንድ ጊዜ «ጧ» ካለ ባትሪው አይደለም፤ ያው ፎደራው ነው። ትልቁ ባትሪ ከመኪናው አካል ተለይቶ የታሸገ ነው። መለያው ይህ ነው፦ ስታቲክ (ይህ በመታሸት የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ) አንድ ጊዜ ነዝሮ ያልቃል፣ ወዲያው ደግማችሁ ብትነኩ ምንም የለም። ቻርጅ ላይ ተሰክቶ ሳለ አካሉን ስትነኩ እጃችሁ ላይ ሳያቋርጥ የሚርመሰመስ ከሆነ ግን የቤታችሁ መስመር ወይም የመሬት ሽቦው ችግር አለበት። መኪናውን አትንኩ። ከቆጣሪው አጥፉና ኤሌክትሪሺያን ጥሩ።

እስካሁን ያልኩትን የምትገለብጡበት አንድ ቀን

የኤሌክትሪክ መስመር ተበጥሶ መኪናችሁ ላይ ከወደቀ ይህ ሁሉ ተገልብጦ ይነበባል። በበልግ ማዕበል ወይም ከምሰሶ ጋር በሚደርስ ግጭት ሊያጋጥም ይችላል። ያኔ ብረት ይዞ መሬት መርገጥ ይገድላል። አካላችሁ በመኪናውና በመሬት መካከል መንገድ ይሆናል።

ውስጥ ቆዩ። ብረት አትንኩ። ውጭ ያለ ሰው እንዳይጠጋ ጮኻችሁ አስጠንቅቁ፣ ወደ ኤሌክትሪክ አገልግሎት 905 ደውላችሁ መስመሩ እንዲቋረጥ ጠይቁ። መውጣት ያለባችሁ መኪናው ከተቃጠለ ብቻ ነው። በሩን ክፈቱ፣ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አጣምሩ፣ ሁለቱንም እግር ገጥማችሁ ዝለሉ። አካላችሁ በአንድ ጊዜ መኪናውንም መሬቱንም አይንካ። ካረፋችሁ በኋላ አትሩጡ፣ አትራመዱ። እግራችሁ ሳይለያይ እየጎተታችሁ ቢያንስ 10 ሜትር ራቁ፤ መሬቱ ራሱ ኤሌክትሪክ ስለሚይዝ አንዱ እግር ከሌላው ከራቀ በሁለቱ መሐል ይፈስሳል። መስመሩ መቋረጡ እስኪነገራችሁ ድረስ ለስልክም ሆነ ለቦርሳ ተመልሳችሁ አትሂዱ።